50,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ፦ ውስጡ ስንት አለ?

ፊቱ ላይ በትልቁ 50,000 ኤምኤኤች (ሚሊአምፒር-ሰዓት፣ ባትሪው ስንት እንደሚይዝ የሚለካበት) ተብሎ የተጻፈበትን ፓወር ባንክ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ አራት አጫጭር ኬብሎች ከጎኑ የተያያዙለት፣ አናቱ ላይ ባትሪ መብራት ያለው፣ ፐርሰንቱን በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን የተገጠመለት። መርካቶ አለ፣ መገናኛ አለ፣ ቴሌግራም ቻናሎች ላይ ደግሞ ሞልቷል። የሚለጠፍበት ስም ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፣ ዕቃው ግን ያው ነው። ስለዚህ የአንድ ብራንድ ስም ጠርቼ ላማው አልተነሳሁም፤ የማወራው ስለ ዕቃው ዓይነት ነው።

ፍርዴን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ጥሩ የ10,000 ፓወር ባንክ ነው። ኬብሎቹ ይመቻሉ፣ መብራቱ ደማቅ ነው፣ ስልኬንም በደንብ ሞልቶልኛል። 50,000 ተብሎ መሸጡ ግን ነውር ነው።

እንዴት እንደለካሁት ላስረዳ። በኬብሉና በፓወር ባንኩ መሀል የሚሰካ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ አለ፤ ያለፈውን ኃይል ይቆጥራል። የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፣ ውድም አይደለም። ፓወር ባንኩን እስከ 100 ሞላሁት። ከዚያ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ ስልክ ቻርጅ አደረግሁበት። መለኪያው 6,000 ገደማ ላይ ቆመ። ደግሜ ስሞክረውም ከዚያ ብዙ አልራቀም።

እዚህ ጋ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ፣ ምክንያቱም 50,000 ብሎ 6,000 ሰጠ ማለት ብቻውን ትክክለኛ ንጽጽር አይደለም። ውስጥ ያሉት ባትሪዎች የሚሠሩት በ3.7 ቮልት ነው። ከዩኤስቢው ቀዳዳ የሚወጣው ደግሞ 5 ቮልት። ቮልቱ ከፍ ሲል የሚሊአምፒሩ ቁጥር ይቀንሳል፣ በዚያ ላይ ሲቀየር ጥቂት ኃይል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ እውነተኛ 10,000 የሆነ፣ በጥሩ ፋብሪካ የተሠራ ፓወር ባንክም ቢሆን መለኪያ ላይ 6,000 እና ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነገር ነው የሚያሳየው። ስመ ጥር የሆኑት አምራቾች ይህን አይደብቁም። ዕቃውን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ ያሉትን ደቃቅ ፊደሎች ብታነቡ በ5 ቮልት ስንት እንደሚሰጥ ለብቻው ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ 10,000 ላይ ብዙ ጊዜ ከ5,800 እስከ 6,500 ባለው መሀል ነው። እነሱም ቢሆኑ ትልቁን ቁጥር ፊት ለፊት፣ ትንሹን ከጀርባ ነው ያስቀመጡት። አልወድላቸውም። ቢያንስ ግን ጽፈውታል።

የኔ ፓወር ባንክ ጀርባ ላይ እንዲህ ያለ መስመር የለም። ሂሳቡን ወደ ኋላ ስንሠራው ግን ውስጡ ያለው 10,000 ገደማ እንደሆነ ይወጣል። ከተጻፈው አንድ አምስተኛ ማለት ነው።

መለኪያ የሌለው ሰው ሚዛን ይበቃዋል። የሱቅ ሚዛንም ቢሆን። አብዛኞቹ ወፍራም ፓወር ባንኮች ውስጥ ያለው 18650 የሚባለው ክብ ባትሪ ነው፤ ወርዱ 18 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ስለሆነ ነው እንዲያ የተባለው። የዚህ ባትሪ ምርጥ የሚባለው እንኳ የሚይዘው 3,500 ገደማ ነው። አንዱ ከ45 ግራም በላይ ይመዝናል። እንግዲህ 50,000 ለመድረስ ከምርጡ ዓይነት 15 ያህል ያስፈልጋል፣ ባትሪው ብቻ ወደ 700 ግራም ይጠጋል፣ ፕላስቲኩንና ሰርኪዩቱን ስትጨምሩበት ኪሎ ሊሞላ ነው። ይሄኛው ከነኬብሉ ከነመብራቱ 300 ግራም ቢሆን ነው። ጠፍጣፋዎቹ የፖሊመር ባትሪዎችም ቢሆኑ ክብደት ላይ የተለየ ተአምር አይሠሩም። እውነተኛ 20,000 የሆነ ፓወር ባንክ በእጅ ሲያዝ ይከብዳል፤ አንድ ጊዜ የያዘ ሰው ልዩነቱን አይረሳውም።

ሌላው ማረጋገጫ የሚሞላበት ጊዜ ነው። ይህ ዕቃ ሲሞላ የሚቀበለው 5 ቮልት በ2 አምፒር ነው፣ ማለትም 10 ዋት። 50,000 ቢሆን ኖሮ በውስጡ 185 ዋት-ሰዓት ኃይል ሊኖረው ነው (50,000ው በ3.7 ቮልት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል)፤ በ10 ዋት ለመሙላት ከ18 ሰዓት በላይ፣ ብክነቱ ሲጨመር ከ20 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። የኔ ማታ ተሰክቶ ጠዋት ሞልቶ ነው የሚጠብቀኝ። እውነት 50,000 ቢሆን ያ የማይሆን ነገር ነው። ውስጥ ያለው መያዣ ትንሽ ስለሆነ ነው ቶሎ የሞላው። ብዙ ሰው ግን ይሄንን «ፈጣን ነው» ብሎ እንደ ጥቅም ሲቆጥረው ሰምቻለሁ!

ሶላር ያለበትንም ልንካው። የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሰሌዳ ፊቱ ላይ ተለጥፎበት «በፀሐይ ይሞላል፣ መብራት አያስፈልገውም» እየተባለ የሚሸጠው ማለቴ ነው። ገጠር ላሉ ዘመዶች ተብሎ በብዛት የሚገዛው እሱ ነው። ያን የምታህል ሰሌዳ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሆና የምትሰጠው 1 ዋት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። እውነተኛ 20,000 የሆነ ፓወር ባንክ 74 ዋት-ሰዓት ይይዛል። በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ እንኳ ለመሙላት ከሳምንት በላይ ነው የሚፈጅበት፣ ያውም ባትሪውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማዋል በራሱ ዕድሜውን እየበላው። ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም። ይሠራል። የተባለውን ግን አይሠራም።

ቁጥሩ ባዶ ጉራ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። ከዱባይ ወይም ከጓንጁ ዕቃ ይዞ የሚመላለስ፣ ወይም ከአሜሪካ ለዘመድ ስጦታ ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን ይስማ። በአውሮፕላን ፓወር ባንክ ይዞ መግባት የሚቻለው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ፤ 27,000 አካባቢ ማለት ነው። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ የሆነው ለመንገደኛ አይፈቀድም። 50,000 ደግሞ 185 ነው። የኤርፖርት ፈታሽ ዕቃውን ከፍቶ አይለካም፣ የሚያነበው የተጻፈውን ነው። እና ውስጡ 10,000 ብቻ የሆነ ዕቃ፣ በተጻፈበት ውሸት ምክንያት ሊወሰድባችሁ ይችላል። ውሸቱን የጻፈው ፋብሪካው፣ ዕቃውን የሚያጣው መንገደኛው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን እንገዛለን?

የሸጠልኝን ልጅ ጠይቄው ነበር። አልዋሸኝም። «ወንድሜ፣ እሱ ካምፓኒው የጻፈው ነው፣ ሁሉም እንደዛ ነው። ግን ይሠራል፣ እመነኝ» አለኝ። 10,000 ብቻ የሚልም አምጥቶ እንደነበርና እንዳልሄደለት ነገረኝ። «አጠገቡ 50 ሺህ የሚል በዚያው ዋጋ ተቀምጦ ማን 10 ሺውን ያነሳል?» ነው ያለው። መልሱ ውስጤ ቀርቷል፣ ምክንያቱም ትክክል ነው። እሱ የመጨረሻው ሻጭ ነው። ቁጥሩን አልጻፈውም፣ ሊለውጠውም አይችልም፣ የቤት ኪራዩን ግን መክፈል አለበት።

ገዢው ጋ ስንመጣ የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው። ፓወር ባንክ ሱቅ ውስጥ የሚቀመስ ነገር አይደለም። ጫማ ይለካል፣ ብርቱካን ይታያል፣ ቡና ይሸተታል። ባትሪ ግን ውስጡ አይታይም፣ ለመፈተን ቀን ሙሉ ይፈልጋል። አምስት ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሲቀርብልን የምናነጻጽርበት ያለን ነገር ሁለት ነው፤ ዋጋውና ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር። ዋጋው ተመሳሳይ ከሆነ ዓይናችን ትልቁ ቁጥር ላይ ያርፋል። ይሄ ሞኝነት አይደለም። ሌላ መረጃ ያልተሰጠው ሰው የሚያደርገው እሱን ነው።

ሁለተኛው፣ ዕቃው ይሠራል። መብራት ሲሄድ ስልካችንን ይሞላልናል፣ ማታ ያበራልናል። ጭራሽ ባይሠራ ኖሮ ሄደን እንጮህ ነበር። ስልካችን ሞልቶ ሳለ «አሥር ጊዜ መሙላት ነበረበት» ብሎ ሱቅ ድረስ ለመመለስ ታክሲው፣ ሰልፉ፣ ጭቅጭቁ ሲታሰብ ሰው ይደክመዋል። ደረሰኝ የለም። ሻጩም «አጠቃቀምህ ነው» ሊል ይችላል። ዝም አይነቅዝም ብለን እንተወዋለን።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይከፋል። እናውቀዋለን፣ እና በጭንቅላታችን እንቀንሰዋለን። «እ፣ 50 ሺህ ቢል 15 ሺህ አያጣም» እንላለን። «የቻይና ዕቃ ነው፣ ግማሹን ከሠራ ይበቃል» እንላለን። ይህን ስንል ብልህ የሆንን ይመስለናል፣ ማንም የማይሸውደን። ሲታይ ግን ለውሸቱ ቦታ እያመቻቸንለት ነው። ሁሉም ገዢ ቁጥሩን በግማሽ የሚቀንስ ከሆነ፣ እውነቱን 10,000 ብሎ የጻፈው አምራች በኛ ጭንቅላት ውስጥ 5,000 ሆነ ማለት ነው። እውነት በመናገሩ ተቀጣ። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ እሱም 20,000 ብሎ መጻፍ ወይም ከገበያው መውጣት። እሱ 20,000 ሲል ሌላው 30,000 ይላል፣ ከዚያ 50,000፣ ይኸው አሁን 100,000 የሚል በኪስ የሚገባ ዕቃ ማየት ጀምረናል። ባትሪው አላደገም። ያደገው ጽሑፉ ነው።

በዚህ መሀል የሚጎዳው ማን ነው? ቅናሹን የሚያውቀው የከተማ ልጅ አይደለም። የተጻፈውን እንደተጻፈ የሚያምነው ሰው ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ የሚያስተምር መምህር አስቡ፤ ከደሞዙ ቆጥቦ፣ ከተማ ለሚወጣ ሰው ብር ሰጥቶ ያስገዛል፣ 50,000 ካለ ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን ያቆይልኛል ብሎ ሂሳብ ሠርቶ ነው። ሂሳቡ ትክክል ነበር። ቁጥሩ ነው የከዳው። ልጇ ውጭ ያለች እናት አስቡ፣ ልጇ በቪዲዮ ስትደውል ስልኩ እንዳይዘጋባት ብላ የምትገዛ። «የቻይና ዕቃ ነው፣ ግማሹን ቀንሺ» ብሎ የነገራት የለም። እኛ እንደ ቀልድ የያዝነው ልማድ ለእነሱ ገንዘብ ማጣት ነው።

በሌሎች ዕቃዎችም ያው ነው። «ፒኤምፒኦ 10,000 ዋት» የሚል ስፒከር ገልብጡትና ጀርባው ላይ ከመብራት የሚወስደውን ተመልከቱ፣ 60 ዋት የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። ከሚገባበት በላይ ሊያወጣ አይችልም፤ ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር ደግሞ አንድ የታወቀ አለካክ እንኳ የለውም፣ ካምፓኒው ደስ ያለውን ይጽፋል። በርካሽ የሚሸጠው 2 ቴራ ፍላሽ ደግሞ ይብሳል። ውስጡ ያለው ቺፕ ለኮምፒውተሩ 2 ቴራ ነኝ ብሎ እንዲመልስ ተደርጎ የተሠራ ነው። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን የምትጨምሩት ፋይል የተቀመጠ ይመስላል እንጂ አይቀመጥም፣ የቀደመውንም ሊያጠፋው ይችላል። የሰርግ ፎቶ የጠፋበት ሰው አውቃለሁ።

የደህንነቱ ጉዳይም አለ፣ በአጭሩ ልበል። በባትሪው መጠን ላይ የዋሸ ፋብሪካ በመከላከያ ሰርኪዩቱ ላይ ለመቆጠብ ምን ያግደዋል? ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ አዲስ አስመስለው የሚሸጡ አሉ። እንዲህ ያለው ሊቲየም የሚባል ባትሪ ሲግል የሚነሳው እሳት በቀላሉ አይጠፋም። ቻይና ራሷ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3ሲ የሚባለው የደህንነት ምልክት የሌለበትን ፓወር ባንክ በሀገር ውስጥ በረራዎቿ ላይ ከልክላለች። እዚያ አውሮፕላን ላይ የማይወጣ ዕቃ እዚህ ትራስ ሥር ያድራል። ተዉ፣ ፍራሽ ላይ አስቀምጣችሁ አትተኙ። ካበጠ ወይም ለመንካት እስኪያስቸግር ከጋለ አውጥታችሁ አርቁት።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ዕቃ መጠንና ጥራት ሸማቹን የሚያሳስት መግለጫ መስጠትን ይከለክላል። ከእሱ በፊት በ2004 የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ማስቀየር ወይም ገንዘብ መቀበል እንደሚቻል 813 ላይ ተቀምጧል። ይሄ ሁሉ ግን ደረሰኝ ካለ ነው። ቴሌግራም ላይ ታዝዞ በሞተር የመጣ፣ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ይዞ የት ይኬዳል? ለዚህ ነው ጥቂት ብር ጨምሮም ቢሆን ደረሰኝ ከሚቆርጥ ሱቅ ግዙ የምለው። እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ የሚያስመጡት ብዙ አይመስሉኝም፤ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከየካርቶኑ አንድ አንድ አንስቶ ቢያስለካ፣ ቁጥሩ ያልገጠመውን ስም በግልጽ ቢያወጣ፣ በጥቂት ወር ውስጥ ገበያው ሌላ መልክ ይይዛል ብዬ አምናለሁ። መለኪያው ከፓወር ባንኩ ይረክሳል።

ለመግዛት ያሰባችሁ፣ እኔ የምመክረው ይሄ ነው። 10,000 ወይም 20,000 የሚለውን ፈልጉ፣ ከዚያ በላይ የሚለውን ቀለል ያለ ዕቃ ተዉት። ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ ዋት-ሰዓቱና በ5 ቮልት የሚሰጠው መጠን ለየብቻ ከተጻፈ አምራቹ ቢያንስ ተጠያቂ ለመሆን ፈቃደኛ ነው ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ይግጠሙ፤ 10,000 ብሎ 37 ዋት-ሰዓት፣ 20,000 ብሎ 74 ካለ ልክ ነው። በእጃችሁ መዝኑት። ሻጩን ፊት ለፊት «እውነተኛው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ ያውቃሉ፣ ሲጠየቁም ይናገራሉ፤ የኔው ሻጭ ተናግሯል። እናም 10,000 ብሎ በሐቅ የጻፈ ዕቃ ካገኛችሁ፣ አጠገቡ 50,000 የሚል በዚያው ዋጋ ቢቀመጥም፣ እሱን አንሱ። ያ ልጅ ሌላ ጊዜ የሚያመጣው የሄደለትን ነው።

እኔ የገዛሁትን አልጣልኩትም፣ እየተጠቀምኩበት ነው። ፊቱ ላይ ያለውን 50,000 በማርከር ሰርዤ 10,000 ብዬ ጽፌበታለሁ፣ ቤት ውስጥ የሚወስደው ሰው ሁሉ ስንት እንደሚጠብቀው ይወቅ።